በአንድ ደረጃ የምንወጣ የምንወርድ ሰዎች

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። ካርቶኖቼን አልጥልም፤ አጣጥፌ አልጋ ሥር እከታቸዋለሁ። አንዱ ላይ «መጻሕፍት» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከሥሩ «ኩሽና»፣ ቀጥሎ «ልዩ ልዩ»፣ መጨረሻ ላይ እንደገና «መጻሕፍት»። ሦስት አከራዮች «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ብለው አስወጥተውኛል፤ አንደኛው እንዲያውም ልጅ አልነበረውም።

የሌሎች አገሮችን የቤት ፖሊሲ ማንበብ አመል የሆነብኝ ከዚህ የተነሳ ነው። ክርክሩ ሁሌም ስለ ዋጋ ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ጉርብትናው ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር የሚወስነው ማን ነው? (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሲንጋፖር ይህን ለአጋጣሚ አልተወችውም። ከአምስት ነዋሪ አራቱ ገደማ የሚኖሩት በ1960 የተቋቋመው የመንግሥት የቤት ቦርድ በሠራቸው ሕንጻዎች ነው፤ አብዛኞቹም ቤቱን በ99 ዓመት ሊዝ ገዝተውታል። ከ1989 ጀምሮ እያንዳንዱ ሕንጻ ለቻይና፣ ለማላይና ለህንድ ተወላጆች ኮታ አለው። ሐሳቡ ያስቀናል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቁጥሩ ያነሰው ወገን ነው፦ የቻይናውያኑ ኮታ በሞላበት ሕንጻ ቤቱን ሊሸጥ የፈለገ ማላይ ለቻይናዊ መሸጥ አይችልም፤ ገዢው ያንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ቪየና መንገዷ ሌላ ነው። ከተማዋ 220,000 ገደማ የራሷ የኪራይ ቤቶች አሏት። በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ የተባለው ግዙፍ ሕንጻ ብቻ 1,382 ቤቶች ነበሩት፤ የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ መዋዕለ ሕጻናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የጥርስ ክሊኒክ ሳይቀር። እኔን የገረመኝ ግን አንዲት ትንሽ ደንብ ናት፤ ገቢህ የሚታየው ስትገባ ብቻ ነው። በኋላ ደመወዝህ ቢያድግ ውጣ የሚልህ የለም። ስለዚህ ድሃ ሆኖ የገባውና ኑሮው የተሻሻለው ሰው እዚያው ይቆያል፤ ሰፈሩም «የድሆች ሰፈር» አይባልም። በ2015 የወጣው ደንብ ግን ሲወጣ አመልካቹ በአንድ አድራሻ 2 ዓመት መኖሩን ይጠይቅ ነበር። እኔን ዓይነቱ ካርቶን ተሸካሚ ከበሩ ይመለስ ነበር ማለት ነው።

እንግሊዝ ደግሞ በ1980 የአካባቢ ምክር ቤቶችን ቤት ለተከራዮቹ እስከ ግማሽ በሚደርስ ቅናሽ ትሸጥ ጀመር። ቤቱን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው የውጭ በሩን ነበር። አንድ ዓይነት ቀለም ከተቀቡት በሮች መካከል አንዱ ብቻ ሌላ ሆኖ ብቅ ሲል መንደሩ ሁሉ ማን እንደገዛ ያውቃል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን በሩን ነበር የምቀባው። ጥፋቱ በተሸጠው ልክ ምትክ አለመሠራቱ ነው። ጥሩ ጥሩው ተሸጦ አለቀ፤ በቀረው ውስጥ የሚገባው በጣም የተቸገረው ብቻ ሆነ። ከተሸጡትም ብዙዎቹ ዞረው ዞረው በግል አከራዮች እጅ ገቡ።

ስቶክሆልም ወረፋ ነው። ኪራዩ በገበያ ሳይሆን በተከራዮች ማኅበርና በአከራዮች ድርድር ስለሚወሰን ውሉን የያዘ ሰው ይመቸዋል፤ ለመያዝ ግን አሥር ዓመት ገደማ መጠበቅ የተለመደ ነው። ቀድሞ የገባ ተቀምጧል፣ ዘግይቶ የመጣ ከተከራይ ይከራያል።

ይህ ሲገባኝ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት ትዝ አሉኝ። በድሮ ውል ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ የሚከፍሉት የእኔን ሲሦ ነው። ሁለታችንም እናውቃለን፣ አንስተነው ግን አናውቅም። ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ትርፍ ካርቶን ይኖርሃል? አሮጌ ልብስ ላስቀምጥበት» አሉኝ።

«መጻሕፍት» የሚለውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲጨርሱ እንዲመልሱልኝ ግን ነገርኳቸው።