የእኛዎቹን ለማን ትተሻቸው ነው?

ለሁለት ዓመት ሕፃናት ላክም ከጅማ ወደ ማላዊ ልሄድ መሆኔን ለሥራ ባልደረቦቼ በነገርኩ ዕለት ከሁሉም ቀድመው የተናገሩት በሕፃናት ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉት ሲስተር ናቸው። የአንዲት ጨቅላ የኦክስጅን ቱቦ እያስተካከሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የእኛዎቹን ለማን ትተሻቸው ነው?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጥያቄው ጋር ውዬ ካደርኩ በኋላ ግን ለእሳቸውም፣ በየመንገዱ ለሚጠይቁኝ የጅማ ሰዎችም፣ አድገው መጠየቃቸው ለማይቀረው ለልጆቼም በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ተነሣሁ።

ዶክተሯ ውጭ አገር ልትሄድ ነው የሚለው ወሬ በሰፈራችን ሲሰማ ሰው ሁሉ በልቡ ያሰበው አሜሪካን ወይም ካናዳን ነበር። ማላዊ መሆኑ ሲታወቅ የእንኳን ደስ ያለሽ ድምፅ ወዲያው ቀነሰ። አንዲት ጎረቤታችን «ልጄ፣ እዚያ ምን አለ ብለሽ ነው?» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። በገንዘብ በኩል አልዋሽም፤ ደመወዙ እዚህ ከማገኘው ይሻላል። ይሁን እንጂ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር የሆነው ባለቤቴ ሥራውን ለቆ ስለሚከተለኝ፣ የልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ ስላለ፣ ቤታችን በዚህ ጉዞ አይበለጽግም።

እናቴን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር የማላዊ ስም የሚነሣው በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚጓዙ ወጣቶች ጋር ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ በተባለ ወረዳ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኝቶ ከ20 በላይ አስከሬን ሲወጣ፣ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለውን ዜና ከእሷ ጋር ተቀምጠን ሰምተን ነበር። «ልጆች ባለቁበት አገር ልጆችሽን ይዘሽ?» አለችኝ። እኔ የምሄደው በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ብላንታየር ከተማ እንደሆነ፣ በአውሮፕላንና በሕጋዊ የሥራ ፈቃድ እንደምጓዝ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እነዚያም እናት ነበራቸው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉዞው ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ቡና መልቀም፣ መቁላትና ማስፈጨት ግን ጀምራለች፣ እስካሁንም አላቆመችም።

ወደ ዋናው ምክንያቴ ልምጣ። ከምረቃ በኋላ በጠቅላላ ሐኪምነት በተመደብኩበት አንድ የወረዳ ሆስፒታል ወሩ ሳይደርስ የተወለደ፣ ክብደቱ 1,300 ግራም የሆነ ወንድ ልጅ መጣልን። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ያቃስት ነበር። ኦክስጅን ነበረን። በዚያ ሌሊት ግን ለክፍሉ ሁሉ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች፤ እኔም ማዋለጃ ክፍል በምትደማ እናት ተይዤ ነበር። ቱቦው ከሕፃኑ አፍንጫ ሾልኮ ወጥቶ ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚያውቅ ሰው የለም። እናቱ አጠገቡ ነበረች፤ ቱቦው የት መሆን እንዳለበት፣ ሲወጣ ማንን መጥራት እንዳለባት ግን ማንም አልነገራትም። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት በየስብሰባው ስጮኽ የኖርኩት ለመሣሪያ ነበር።

ከምመኛቸው መሣሪያዎች ዋነኛው ባብል ሲፓፕ ይባላል፤ አሠራሩ ለማንም የሚገባ ቀላል ነገር ነው። ኦክስጅን የተቀላቀለበት አየር በአፍንጫ በኩል ለሕፃኑ ይሰጣል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ደግሞ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። የሚወጣው አየር ያን ያህል የውኃ ግፊት አሸንፎ፣ አረፋ እየሠራ መውጣት ስላለበት፣ ያልበሰለው ሳንባ በየትንፋሹ ተጣጥፎ ከመዘጋት ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የብላንታየር ጥናት በከባድ የመተንፈስ ችግር ከተያዙ ጨቅላዎች መካከል በኦክስጅን ብቻ ከታከሙት 44 በመቶ፣ በባብል ሲፓፕ ከታከሙት 71 በመቶ በሕይወት መውጣታቸውን አሳየ። ይህን ወረቀት ሳነብ የዚያ ሌሊቱ ሕፃን ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ከእጄም ሳይወጣ ለማሳያ ይዤው ዞርኩ።

ለጉዞ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያው ከማላዊ፣ ሳሊማ ከተባለ የወረዳ ሆስፒታል የወጣው ጥናት በከባድ የሳንባ ምች የተያዙ 644 ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ሐኪም በየዕለቱ በማይከታተልበት በዚያ ክፍል በባብል ሲፓፕ ከታከሙት 17 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት የሞቱት 11 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሕፃናት ዕድሜያቸውም ሕመማቸውም ከብላንታየሮቹ ጨቅላዎች የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ጥናቶች አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጦ መፍረድ አይገባም። ሆኖም በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ሕክምና፣ አንድ ቦታ ሕይወት ያተረፈው ሌላ ቦታ ሊጎዳ መቻሉ እንቅልፍ ነሣኝ። ለካስ እኔ ለዓመታት የጠየቅሁት ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ ነበር። የሕፃኑን የተበላሸ አቀማመጥ የሚያስተካክል፣ ሆዱ በአየር ሲነፋ የሚያስተውል፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ አረፋው መኖሩን የሚያይ ሰው ከሌለ ጠርሙሱ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም።

የተሰጠኝ ሥራ ይኸው ነው። ለሁለት ዓመት በብላንታየር በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እያከምኩ፣ ለነርሶችና በማላዊ የሕክምናውን ከባድ ሸክም ለተሸከሙት ክሊኒካል ኦፊሰሮች፣ ማለትም የእኛን ጤና መኮንኖች ለሚመስሉት ባለሙያዎች፣ የሌሊቱን ክትትል አስተምራለሁ። የምማረውም ብዙ ነው። ጅማ ላይ በወባ ራሱን የሳተ ሕፃን በመጣልን ቁጥር በካርዱ ላይ የምንጽፈው፣ ንቃቱ ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳየው ልኬት የዚያችን ከተማ ስም የያዘ ነው። አዋቂ የሚመዘንበት ልኬት መናገርን ስለሚጠይቅ ላልተናገረ ሕፃን አይሆንም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞሊኑና ቴይለር የተባሉ ሐኪሞች ሕፃኑ የእናቱን ፊት በዐይኑ ይከተል እንደሆነ፣ ያመመውን ቦታ ለይቶ ያውቅ እንደሆነ፣ አለቃቀሱም እንዴት እንደሆነ አይቶ ከ0 እስከ 5 የሚሰጠውን የብላንታየር ልኬት አወጡ። በእኛ ወባ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ነው፤ እነሱ ዘንድ ዝናቡ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ፣ የእኛ ክፍል ሲቀልለው የእነሱ ይሞላል። ስሙን በየካርዱ ስጽፈው የኖርኩትን ከተማ በዚያ ወቅት አልጋዎቹ አጠገብ ቆሜ ላየው ነው።

ለምን ብቻሽን ሄደሽ አትመለሽም የሚሉኝ አሉ። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚመጡ የውጭ ሐኪሞችን አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም፤ የተሰነጠቀ ከንፈር በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሰፍቶ ያምራል። የክፍል ልማድ ግን በሦስት ሳምንት አይለወጥም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቀደመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የወረሰው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ያስተማረኝም ይህንን ነው፤ በተማሪነታችን በጅማ ዞን ባለችው አሰንዳቦ ላይ በቡድን ወጥተን በቆየንባቸው ሳምንታት፣ በመጀመሪያው ሳምንት «ሁሉ ደኅና ነው» ያሉን እናቶች የልባቸውን የነገሩን በገበያና በለቅሶ ቤት ከተገናኘን በኋላ ነበር። ቤተሰቧን ጅማ የተወች ሐኪም ቀን ትቆጥራለች፤ ልጆቿን እዚያው ትምህርት ቤት ያስገባች እናት ግን በሰልፉም በወረፋውም ከሌሎቹ እናቶች ጋር ትቆማለች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ «ጓደኞቼን የምታስጥይኝ የማላውቃቸውን ልጆች ልታክሚ ነው» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ተቆጥቼ አልመለስኩላትም፣ እውነቷን ነውና። ታናሽ ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚያሳስበው የማላዊ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ መኖሩና ከጅማው የቦዬ ረግረግ ጉማሬዎች መብለጥ አለመብለጡ ነው።

ቋንቋውንም ጀምረናል። በማላዊ በሚነገረው ቺቼዋ ውስጥ ማሉንጎ የሚለው ቃል ትኩሳትም ወባም ማለት ነው፤ እናት ያን ቃል ስትናገር የትኛውን እንደምትል ለመለየት ሌላ ጥያቄ ማስከተል ያስፈልጋል። እኔ በአማርኛ አፌን ፈትቼ ኦሮምኛን የተማርኩት በጅማ መርካቶና በጎረቤት ልጆች መካከል ነው፤ በጅማ ዙሪያ ካሉት ከዴዶና ከሰቃ የሚመጡ እናቶች በቋንቋቸው ሲጠየቁ የታመመውን ልጅ ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው እንዴት እንደሚዘረግፉ አይቻለሁ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ እሠራለሁ ብዬ አልዘናጋም።

አሁን ሲስተር፣ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የእኛዎቹን የምተዋቸው ለእርስዎና ለሁለቱ ወጣት ስፔሻሊስቶች ነው፤ ሁለቱንም በሬዚደንትነታቸው ሌሊት ሌሊት ቀስቅሰዋቸዋል፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎን እንደሚፈሩም ያውቃሉ። ሦስት ሆነን ያልበቃንበት ክፍል ለሁለት ሲቀር ሸክሙ እንደሚከብድ፣ በእኔ አለመኖር አንድ ቀን አንድ ሕፃን ሊጎዳ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ይህን የሚያካክስ ቃል የለኝም፣ አካክሰዋለሁም አልልም። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ጅማ መጥቼ ተረኛ ሆኜ እንድሠራበት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ የመጀመሪያው በሚመጣው መስከረም፣ ወባው በሚበረታበት ሰሞን ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንዎ። ከመስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ የሚገኘው የሲፓፕ ጠርሙስ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር በእርጥበት እየለቀቀ ነው፤ የ5 ሴንቲ ሜትሩን መስመር በአዲስ ፕላስተር ላይ ያሥምሩት። ለአዲስ ገቢ እናቶችም ማታ ከመተኛታቸው በፊት ጠርሙሱን እያሳዩ፣ አረፋው ከቆመ እንዲጠሩን በኦሮምኛም በአማርኛም ይንገሩልኝ።