ጋቢ ለብሼ፣ ጋቢ አውልቄ፦ ባሕር ዳር የሰነበትኩባቸው አራት ቀናት

በስልክ ክፍል ስይዝ ያነጋገረችኝ ልጅ «እሺ የኔ ጌታ፣ በሰላም ያግባዎት» ብላ ነበር የዘጋችው። በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነስቼ ማታ 12 ሰዓት ግድም ባሕር ዳር ገባሁ። ስለ መንገዱ የምለው ብዙ የለኝም፤ ከዓባይ በረሃ በስተቀር አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት።

የሆቴሉ ጥበቃ ከፊቴ የነበሩትን ሁለት ሰዎች በእጁ «እለፉ» ብሎ እኔን አስቆመኝ። ቦርሳዬን እስከ ካልሲዬ ድረስ ዘረገፈው። ሥራው ነው ብዬ ዝም አልኩ። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ፓስፖርት ፕሊስ» አለች። የቀበሌ መታወቂያዬን ሰጠኋት። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች።

«በዚህ ስም የተያዘ ክፍል የለም።»

«እህቴ፣ ትናንት በስልክ ያነጋገርሽኝ እኔ እኮ ነኝ» ስላት ድምፄን አወቀችው፤ ማወቋን ከፊቷ ላይ አይቻለሁ። ቢሆንም ሞልቷል አለችኝ። ቦርሳዬን ገና ሳልዘጋ ከኋላዬ ለቆሙት ባልና ሚስት ቁልፍ ሰጠች። ከጀርባዋ ግድግዳውን የሚያክል ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ጣና ላይ የሚቀዘፍ ታንኳ። ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ እሱን ሳይ ቆየሁ።

አባቴ የጋምቤላ ሰው ነው፣ አኙዋ። እናቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። እኔ ሳሪስ ተወልጄ ሳሪስ ነው ያደግኩት። መልኬ የአባቴ ነው፣ አማርኛዬ የእናቴ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማኝ ሰው የጎጃም ልጅ ነው ይላል። ሰፈሬ ውስጥ ከባለሱቁ እስከ ሊስትሮው ስለሚያውቀኝ ይህ ነገር ትዝም አይለኝ። ከሰፈር ስወጣ ግን መልኬ ቀድሞኝ ይደርስና እኔ እስክደርስ የሚወራው ሁሉ ተወርቶ ይጠብቀኛል።

ከሆቴሉ በር ላይ ያነሳኝ ባለባጃጅ ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ቀልጠፍ ያለ ልጅ ነበር። የሆነውን ስነግረው ባጃጁን ዳር ላይ አቆመ። «ቆዳ ነው እንዴ አልጋ ላይ የሚተኛው? ሰው እኮ ነው የሚተኛው! ና እንመለስ፣ እኔ ልናገርልህ!» አለ። ደክሞኝ ስለነበር ይቅር አልኩት። ባሕር ዳር ላይ ወንድምአለም ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከአገሬው ሰው የሚጠይቀውን ሒሳብ ጠይቆኝ ገበያው አካባቢ ያለ ፔንሲዮን አወረደኝ።

ሌሊቱ መጥፎ ነበር። አጎበሩ ተቀዷል፣ ቢምቢው አያስተኛም፣ ከግድግዳው ወዲያ መጠጥ ቤት አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ልገዛ ብወጣ አንዱ ለጓደኛው «ይሄ ባሪያ ከየት መጣ?» ሲል ሰማሁት፤ አማርኛ የማልሰማ መስሎታል። ባርነት በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። ቃሉን የሻረው አዋጅ ግን የለም፤ ይኸው በየመጠጥ ቤቱ እንደ ጨው ይነሰነሳል። ተመልሼ ተኛሁና እስኪነጋ የማስበው ስለ ልብሴ ሆነ። ኮፍያ ያለው ጥቁር ሹራብ ባልለብስ ኖሮ፣ ኮት ብደርብ ኖሮ፣ ጫማዬን ባስጠርግ ኖሮ እያልኩ። የበደለኝን ትቼ ሹራቤን ስከስ ማደሬ ከቢምቢው ይልቅ አንገበገበኝ።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ሻይና ፓስቲ የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ተቀመጥኩ። ልጆች «ሱዳን! ሱዳን!» እያሉ ከበቡኝ። «እማማ፣ ስኳር ቀነስ ያድርጉልኝ» ስል እጃቸው ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

የእናቴን አገር ነገርኳቸው። «ውይ በሞትኩት! የኛው ልጅ ነህ እንጂ!» ብለው ልጆቹን አባረሩልኝ፣ ሁለተኛ ፓስቲ ጨመሩልኝ፣ ገንዘብም አልቀበል አሉ። ደስ ብሎኝ ነበር የተነሳሁት። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ከነከነኝ፤ እናቴም የጋምቤላ ሴት ብትሆን ኖሮ የማን ልጅ እባል ነበር?

ጀልባ መነሻው ጋ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ስጠይቅ ባለጀልባው በጣቶቹ እየቆጠረ በእንግሊዝኛ የውጭ አገር ሰው ዋጋ ነገረኝ። በአማርኛ መለስኩለት። እንዳልሰማ ሆኖ ያንኑ ዋጋ ደገመልኝ። ትቼው ሄድኩ። በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ስለሚቀዘቅዝ እናቴ ለአውቶቡሱ ብርድ ብላ የሰጠችኝን ጋቢ ተከናንቤ መጣሁ። ያው ባለጀልባ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና ፊቱ በራ፦ «እህ! አሁን ሰው መሰልክ!» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፣ ከልቡ አመስግኖኝ ነው። ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ጋቢው እናቴ ራሷ የፈተለችው ነው፤ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጥለቱን ስነካካ በአንድ ጋቢ ስንት ዓይነት ሰው እንደምሆን አሰብኩ።

ዘጌ ውስጥ ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡና ጫካ መሃል ነው፤ ጥላው እንዲህ በሆነልኝ የሚያሰኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ያስጎበኘን ዲያቆን ትሑት ልጅ ነበር። ደጉ ሰው ፊቱ ወደኛ ዞሮ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሳል አሳየን። እኔ የተመለከትኩት ሌላ ነገር ነው፤ ከጠቆሩት ፊቶች የሚበዙት የአጋንንት ነበሩ። ለዲያቆኑ አልነገርኩትም። የቀድሞ ሠዓሊ ጨለማን በጨለማ ነው የሳለው፣ ማንንም ሊነካ ብሎ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። አባቴን ይዤው መጥቼ ቢሆን ኖሮ ግን እዚያ ግድግዳ ፊት ምን እንደምለው አላውቅም።

ከሥዕሎቹ ሁሉ በልዔ ሰብእ ፊት ቆየሁ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። መንገድ ላይ ገላው በቁስል የተወረሰ ድሃ ውሃ ሲለምነው ይከለክላል፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን ሚዛን ላይ ያ ጥርኝ ውሃ ሁሉንም ይደፋል። ዲያቆኑ ሲተርክ «ጥርኝ» ሲል መዳፉን እንደ ጽዋ አጎድጉዶ አሳየን።

ሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ሰው የለም፣ ጉም አለ። ደንገሉ ተንኮሻኮሸና አንድ ሰው ወጣ። እስከ ጭኑ ረጥቧል፣ ኮቱ ክንዱ ላይ ተተልትሏል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ እጁ ላይ ማጭድ አለ። ሳላስበው በግራ ትከሻዬ የነበረውን ቦርሳ ወደ ደረቴ አዙሬ ዚፑን ጨበጥኩ። ሰውዬው እጄን አየው። እዚያው ባለበት ቆመና ማጭዱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ብዙ ጊዜ እንዳደረገው ያስታውቃል።

«አይዞህ ልጄ፣ ደንገል አጫጅ ነኝ።»

የሆቴሉን ጥበቃ ዓይን አስታወስኩ። ያ ዓይን አሁን የኔ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው «ጠዋት ሰው ሲያየን ይደነግጣል» ብለው ቀደሙኝ። አፈርኩ። ያጨዱትን ተሸክሜ ላግዝዎ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።

እሳቸው ነገደ ወይጦ ናቸው። ሌላው ሰው «ወይጦ» ብቻ ብሎ ሲጠራቸው በአፉ ውስጥ ስድብ ይሆናል፤ እነሱ ነገዳችን ይላሉ። አያቶቻቸው ጣና ላይ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፣ ሥጋውን ይበሉ ነበር፤ ጎረቤቱ በዚያ ርኩስ ብሎ ለያቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል፣ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ናቸው። «እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው፤ ሁለቱም አይበላም» አሉኝ።

ታንኳ ሲሠሩ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አየሁ። የደረቀውን ደንገል እቅፍ እቅፍ አድርገው ያስተኙታል፣ በጉልበታቸው ይንበረከኩበታል፣ የልጥ ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው በሁለት እጃቸው ያጠብቃሉ። አፍንጫው ቀና እንዲል ጫፉን እያጠበቡ ወደ ላይ ይስቡታል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፣ ተሳፋሪው እንዳይረጥብ። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ተጎትቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ወራት ነው ዕድሜው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገሉ ግን እርሻና ግንባታ በገፋው ቁጥር እየራቀ ነው፤ ሽማግሌው ማጭዳቸውን ይዘው የሚወጡት ሰዓትም በዚያው ልክ እየቀደመ ሄዷል። ያ የሆቴሉ ፎቶ ላይ ያለውን ታንኳ የእነሱ ወገን ሠርቶት ይሆናል፤ ከበሩ ግን የሚያሳልፈው ያለ አይመስለኝም።

አመሻሽ ላይ ባለባጃጁ ሊወስደኝ መጣ። የሽማግሌው ባለቤት ቡና አፍልተው ነበርና «ልጆቼ፣ አንዳንድ ስኒ» አሉ። ስኒውን ለኔ ሲያቀብሉኝ እጄ ላይ አልሰጡኝም፤ ጀበናው አጠገብ ያለች ዱካ ላይ አስቀምጠው ፈቀቅ አሉ፣ ካልፈለግኩ እንዳላፍር። ቤቱ ዝም አለ። ልጆቹ ሳይቀሩ እያዩኝ ነው። አንስቼ ጠጣሁ። ቡናው በጨው ነበር፣ እንደ እናቴ አገር። ሴትዮዋ «ስኳር የለንም» አሉ። «እናቴም በጨው ነው የምትጠጣው» ስላቸው ሁለተኛውን በእጃቸው ሰጡኝ። በረካው እስኪደርስ ተቀመጥኩ።

ባለባጃጁ በሩ ላይ እንደቆመ ነበር። ሲጠሩት «ጨጓራ አለብኝ እማማ» አለ። ጠዋት እኔና እሱ ሁለት ሁለት ማኪያቶ ጠጥተናል።

ስንመለስ የዓባይ ድልድይን እስክናልፍ አልተናገረም። ከዚያ ዞር ሳይል «ጠጣኸው እንዴ በእውነት?» አለኝ።

«ጠጣሁ።»

«እኔ ምንም የለኝም፤ ሰው ናቸው። ግን... ታውቃለህ» አለና ተወው። አላውቅም አልኩት። የመጀመሪያዋን ማታ፣ ባጃጁን አቁሞ «ሰው እኮ ነው የሚተኛው» ያለኝን ላስታውሰው ብዬ ነበር። ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ያን ማታ እሱ ባይኖር የት አድር ነበር?

ፔንሲዮኑ በር ላይ ወርጄ መቶ ብር ዘረጋሁለት። ሌላ ጊዜ እጄን ጨብጦ ነበር የሚቀበለኝ። ብሩን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ያዘውና ኪሱ ሳይከት ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው።