ከባሕር ማዶ ለእንጦጦ ችግኝ የምትከፍሉ፦ ውሉን በቆመ ዛፍ ቁጥር ተፈራረሙ

እንግሊዝ አገር ሴንስበሪ የተባለው ትልቅ መደብር በፈረንጆቹ 2004 ዉድላንድ ትረስት ከተሰኘው የደን በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር መሥራት ጀመረ። ከዛፍ ሥር የሚሰማሩ ዶሮዎች እንቁላል ሲሸጥ ከዋጋው ጥቂት ሳንቲም ለዛፍ ተከላ ይገባል። እዚያ የሚኖር ሐበሻ ይህን ሲያይ «እኛስ ለእንጦጦ?» ማለቱ አይቀርም። እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ ሱቆቻችን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ ቢቀንሱ ገንዘቡ ይገኛል። ችግሩ ያለው ውሉ ላይ ነው።

ውሉ «ለአንድ ችግኝ ይህን ያህል» ካለ ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ችግኙ ግን የሚሞተው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ስለዚህ ክፍያውን ከሦስት ክፈሉት፦ 40 በመቶ ለጉድጓድና ለተከላ፣ 30 በመቶ ከተከላው ቀጥሎ ባለው ሰኔ የቆሙት ዛፎች ከተቆጠሩ በኋላ፣ ቀሪው 30 በመቶ በሦስተኛው ዓመት፣ ያውም በሕይወት ላለው ዛፍ ብቻ። የጥበቃ ደመወዝ ለብቻው ይያዝ። ጥበቃ የሌለው ተከላ ለፍየል ቀለብ ነው።

አጋር የምታደርጉት ማኅበር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ይሁን፤ ቦታውን ለመጠቀም የሚያስችል የጽሑፍ ፈቃድም ይኑረው። በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ከተማው እየሰፋ ነው፤ ዛሬ ባዶ ሜዳ የሆነው ነገ መንገድ ሊወጣበት ይችላል።

ችግኙን ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድማችሁ እዘዙ። ጽድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። ግንቦት ላይ ለሐምሌ ካዘዛችሁ ችግኝ ጣቢያው በእጁ ያለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ያስረክባችኋል። ለእንጦጦ ከፍታ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ይስማማሉ። ዋንዛን ወደ ላይ አታውጡት፤ ውርጭ ይፈጀዋል። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን የጎበኘ ሰው አገር በቀሎቹን ቆመው ያያቸዋል።

በ2.5 ሜትር ርቀት ለአንድ ሄክታር 1,600 ጉድጓድ ይበቃል። ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲሜትር ሆኖ ዝናቡ ሳይገባ ይቆፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ተከምሮ ሲተከል መጀመሪያ እሱ ይመለስ፣ ሥሩ የሚነካው እሱን ነውና። ተዳፋት ላይ ከጉድጓዱ በታች በኩል ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትንሽ ክትር ይሠራ፤ የመጨረሻውን የመስከረም ዝናብ ይይዛል። ተከላው ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ ይሁን፤ ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ግን ሥር ለመስደድ ጊዜ ያጥራል።

በዘመቻ ተከላ በብዛት ስህተት የሚሠራው ግን ችግኙ ባደገበት የፕላስቲክ ከረጢት ላይ ነው። ሰው ተጣድፎ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ይቀብረዋል። መስከረም ላይ ለምለም ይመስላል፣ ፎቶውም ያምራል። ጥር ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ይዛችሁ ሳብ ብታደርጉት ጠቅላላው ነቅሎ ይመጣል፣ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ክብ እየዞረ ተጠምጥሞ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን ምላጭ ይታደል። ከታች አንድ ሳንቲሜትር ያህል ተቆርጦ የታጠፈው ሥር ይወገድ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ ፕላስቲኩ ይውጣ፣ አፈሩ ሳይበተን ይተከል። ባዶው ፕላስቲክ ተቆጥሮ ይሰብሰብ፤ ከችግኙ ቁጥር ካነሰ አንድ ቦታ ተቀብሯል ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ ቁጥጥር የለም።

በተቆረጠ ባሕር ዛፍ መካከል ከተከላችሁ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ቡቃያው ካልተመለመለ ብርሃኑንም ውሃውንም ይቀማል። መስከረም መጨረሻ ላይ ዙሪያው ይኮትኮት፣ የታረመው አረም እዚያው ይነጠፍ፣ ግንዱን ሳይነካ።

እንጦጦ ላይ ቅጠል ጠርገው፣ ጭራሮ ተሸክመው የሚያድሩ እናቶች አሉ። ቦታው ሲከለል እንጀራቸው ይነካል፤ ይህን ሳያስብ የሚያጥር ማኅበር አጥሩ በሌሊት ይፈርስበታል። የኩትኳቶውና የምልመላው ሥራ በክፍያ ለእነሱ ይሰጥ፣ ሣሩንም አጭደው እንዲወስዱ ይፈቀድ፤ ከብት ግን አይግባ።

ሰኔ ላይ ለቆጠራ ሁሉንም ዛፍ መቁጠር አያስፈልግም። በየአምስተኛው ረድፍ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ችካል ይተከል፣ በየዓመቱ እነዚያው ረድፎች ይቆጠሩ። ረድፉን የሚመርጠው ግን ገንዘብ ተቀባዩ አይሁን። የሞተው በዚያው ክረምት፣ በዚያው ዝርያ ይተካ።