ጋዝ ከመሙላቴ በፊት፦ ከመኪናዬ ኤሲ ጋር ያሳለፍኳቸው ቅዳሜዎች

የመኪናዬ ኤሲ መድከምና ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ጋዝ አንሶት ነው፤ አስሞላው።» እውነታቸውን ነው፣ የማቀዝቀዣው ጋዝም ጎድሎ ነበር። ግን ተራው ሲደርስ ሦስተኛ ሆኖ ነው የተገኘው፤ ያስጨነቀኝ ድምፅ ደግሞ ከጋዙ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። እንደኔ በትርፍ ጊዜው ኮፈን ከፍቶ መነካካት ለሚወድ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ከማስታወሻ ደብተሬ እየገለበጥኩ እጽፈዋለሁ፤ የተሳሳትኩባቸውንም ጭምር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ብሎን እንኳ አልፈታሁም። የኩሽና ቴርሞሜትር መሀለኛው የአየር መውጫ ውስጥ ሰካሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ የውስጡን አየር መልሶ እንዲያዞር አደረግኩ፣ ቅዝቃዜውን እስከ ጥግ፣ ንፋሱን አራት ላይ። ውጪው 31 ዲግሪ ነበር። ሞተሩ ከተነሳ ከአስር ደቂቃ በኋላ መውጫው ላይ 19 አነበብኩ። በግምት ደህና የሚሠራ ኤሲ ከውጪው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ማለት ይገባዋል፤ የእኔ 12 ላይ ቆሟል።

ከቁጥሩ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን እጄን መውጫው ላይ ዘርግቼ ራሴን የጠየቅኩት ነው፦ የሚወጣው አየር ትንሽ ነው ወይስ ያልቀዘቀዘ? «ኤሲው ደከመ» ስንል ሁለቱን እናደባልቃቸዋለን፤ መነሻቸው ግን ለየቅል ነው። ትንሽ አየር ከሆነ ነገሩ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው፦ ፊልተር፣ ብሎወር (አየሩን የሚነፋው)፣ የቆሸሸ ወይም በረዶ የሠራ ኢቫፖሬተር (አየሩ እየነካው የሚቀዘቅዝበት ክፍል)። ብዙ ግን ለብ ያለ አየር ከሆነ ወደ ኮፈኑ ስር ነው መሄድ። የእኔ መኪና ሁለቱንም አሟልታ ነበር።

ከቀላሉ ጀመርኩ። ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ያለውን ኪስ አውልቄ የካቢን ፊልተሩን ስስበው መልኩ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። ብርሃን ላይ ይዤው ከአንዱ በኩል ወደ ሌላው አያሳይም። ከበስተጀርባው እጄን ሰድጄ ብሎወሩን ስዳብሰው ደግሞ ጥርሶቹ መሀል የተሰነቀረ ደረቅ ቅጠል አገኘሁ። ለካ ንፋሱን በጨመርኩ ቁጥር «ጥርርር» የሚለው እሱ ኖሯል! ወራት ሙሉ ሞተር ሊሞት ነው እያልኩ ስሰጋ የነበረው በቅጠል ነው።

አዲስ ፊልተር አስገብቼ ስለካ አየሩ ፊቴን ገፋ፤ ቴርሞሜትሩ ግን 20 አለኝ። ከበፊቱ ባሰ! ያኔ አንድ ነገር ያበላሸሁ መስሎኝ ሁሉንም መልሼ ፈታሁት። ምሽት ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው የገባኝ፦ አየሩ በፊት በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ላይ እየተንፏቀቀ ስለሚያልፍ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ነበረው፤ አሁን ፈጥኖ ያልፋል። መጠኑ ስለበዛ ወደ ካቢኑ የሚገባው ቅዝቃዜ በድምሩ ጨምሯል፣ ቁጥሩ ግን አንድ ዲግሪ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የንፋሱን መጠን ሳልጽፍ ሙቀት ብቻ አልመዘግብም።

ቀጣዩ ፍንጭ የመጣው ስነዳ ነው። ቆሜ 20 የነበረው፣ ጥሩ ፍጥነት ይዤ ስሄድ 15 ሆነ። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚሻለው ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱን ወደ ውጪ ማስወጣት ያቃተው ነው። ከካቢኑ የተሰበሰበው ሙቀት ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር በኩል ነው የሚወጣው፤ ሲነዳ የመንገዱ ንፋስ ያግዘዋል፣ ሲቆም ግን ያለ ቬንቲሌተሩ (ከፊት ያለው ማራገቢያ) ረዳት የለውም። ቬንቲሌተሩ ኤሲው ሲበራ በደንብ ይዞራል። ኮንደንሰሩ ግን በጭቃና በሞቱ ነፍሳት ተለስኖ ነበር። ጉልበት በሌለው ውኃ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አጠብኩት። ግፊት ያለው ማጠቢያ እንዳትጠቀሙ፤ ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎቹን ያጥፋቸዋል፣ የታጠፈ ደግሞ ከተደፈነ አይሻልም። ቆሞም 15 ሆነ።

አሁን ወደ ጋዙ። ኮፈኑን ከፍቼ የኮምፕሬሰሩን (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ፓምፕ) ክላች፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል ሳየው «ጣ» ብሎ ይይዛል፣ ስድስት ሰከንድ ይሠራል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ተውሼ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ስለካ 97 ፒ.ኤስ.አይ አነበብኩ። «ሙሉ ነው!» ብዬ በደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። ትልቁ ስህተቴ ይኼ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ጥቂት እንኳ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ፣ የቆመ መኪና ግፊት የሚናገረው የአካባቢውን ሙቀት እንጂ የጋዙን መጠን አይደለም። የእኔ መኪና ጋዝ፣ አር-134ኤ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ቢሆንም ሙሉ ቢሆንም ያንኑ 97 አካባቢ ያሳያል። እንደ ምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ማለት ነው፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረውም ግፊቱ ያው ነው፣ የሚታወቀው ሲመዘን ነው። ሞተሩን አስነስቼ ስለካ የዝቅተኛው ወገን (ጋዙ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለስበት) ግፊት ክላቹ በያዘ ቁጥር ቁልቁል ይወርድና ግፊቱን የሚከታተለው ማብሪያ ማጥፊያ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። ይህ የጎደለ ጋዝ ጠባይ ነው።

ጋዝ ደግሞ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ በአንድ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ማምለጫው ላይ አቧራ የያዘ እርጥብ ቅባት ይተዋል። በባትሪ መብራት ቱቦዎቹን እየተከተልኩ ኮንደንሰሩ መግቢያ ላይ አገኘሁት፦ የደረቀ ኦሪንግ (መገጣጠሚያውን የሚዘጋ የጎማ ቀለበት)።

እዚህ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ጋዝ በግምት መጨመር አልወድም። ከልኩ ያለፈ ጋዝም ቅዝቃዜ ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰርም ይጎዳል፤ የሚረጨው ፈሳሽ ደግሞ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ዓይንና ቆዳ ላይ ቢያርፍ በውርጭ ያቃጥላል። ጋዝ የሚሰበስብና የሚመዝን ማሽን ያለው ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ከውስጥ የወጣው 290 ግራም ነበር፤ ኮፈኑ ስር የተለጠፈው ወረቀት የሚለው 480 ነው። ኦሪንጉ ተቀየረ፣ ውስጡ የገባው አየርና እርጥበት እንዲወጣ 45 ደቂቃ ቫኩም ተደረገለት፣ ከዚያ በሚዛን ተሞላ። ያን ቀን ከሰዓት፣ ውጪው 30፣ ንፋሱ አራት ላይ፣ ቆሞ፦ 9 ዲግሪ።

የቀረው ሁለተኛው ድምፅ ነበር፤ ከኮፈኑ ስር የሚመጣ «ጉርርር»፣ ኤሲ ሲበራ ጎላ የሚል። ሁለት ሰዎች ሰምተው «ኮምፕሬሰሩ አበቃለት» ብለውኛል። እኔን ያጠራጠረኝ ኤሲው ጠፍቶም ለስለስ ብሎ መኖሩ ነው። ክላች ያለው ኮምፕሬሰር ውስጡ የሚዞረው ኤሲው ሲበራ ብቻ ነው፤ ፑሊው (በቺንጋ የሚዞረው መዘውር) ግን ሞተሩ እስካለ ይዞራል። ስለዚህ ኤሲ ሲበራ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ኮምፕሬሰሩን መጠርጠር፣ ጠፍቶም ካለ ቺንጋው የሚነካውን ሁሉ መጠርጠር ነው። ቺንጋውን አወለቅኩ። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካው መኪና አምራች ፓካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሲ ገጥሞ በሸጣቸው መኪኖች ላይ ቅዝቃዜውን ጨርሶ ለማስቆም ዘዴው ይኸው ነበር፤ ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ ቺንጋ መፍታት።) ከዚያ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጄ አዞርኩ። የኮምፕሬሰሩ እንደ ቅቤ ይዞራል። የዲናሞውም እንዲሁ። የቴንሽነሩ (ቺንጋውን የሚወጥረው) ግን ውስጡ አሸዋ ያለበት ይመስላል፤ ኩሽኔታው አልቋል። ኤሲ ሲበራ የሚጎላው ቺንጋው ላይ ጭነት ስለሚጨምር ብቻ ነው። ከኮምፕሬሰር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት የሆነች ዕቃ ቀይሬ ድምፁ ጠፋ።

ሞተር ሳጠፋ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው «ሽሽሽ» አሁንም አለ። እሱን አልነካውም፤ የሁለቱ ወገን ግፊት ሲስተካከል የሚሰማ ነው፣ ሁልጊዜም ነበረ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ከዳሽቦርዱ ጀርባ ለአስር ሰከንድ ያህል «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይላል። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያቀላቅለውን በር የምታዞረው ትንሽ ሞተር ፕላስቲክ ጥርሷ የተሰበረ ይመስለኛል፤ ሙቀቱን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሳዞረውም ያው ድምፅ ይደገማል። ሞተሯ በሦስት ብሎን ነው የታሰረችው። ሁለቱን ፈትቻለሁ፤ ሦስተኛው ያለው ከላይ፣ በማሞቂያው ቱቦ ጀርባ ነው፣ ያለኝ አጭሩ ካቻቢቴም አልደረሰበትም። ዳሽቦርዱን ሳታወርዱ እሱን የፈታችሁ ካላችሁ በምን እንደደረሳችሁበት ንገሩኝ።