«ልጄ፣ ይሄ ጌም አይደለም»

ነሐሴ 2015 ነው። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ ዲዛይን እሠራለሁ፣ የትእዛዝ ደብተሩንም እኔ ነኝ የምይዘው። የኅትመት ማሽኑ ምድር ላይ ነው። ሲነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል።

ምሳ ሰዓት ላይ እኔና አንድ ባልደረባዬ ሲቪላይዜሽን 5 የሚባል፣ አገር ይዘው ከተማ የሚገነቡበት የኮምፒውተር ጨዋታ እንጫወታለን። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጨዋታ፣ ለሁለት። ጨዋታው የ2010 ነው። ኢትዮጵያ የገባችበት በ2012 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። የቢሯችን አሮጌ ኮምፒውተር የሚችለው እሱን ነው። ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ናት። ከጨዋታው ቀና ስል በመስኮቱ የምትታየኝም አዲስ አበባ ናት፣ ይሄ ነገር ሁሌም ደስ ይለኛል።

ኢትዮጵያን ለያዘ ሰው የአድዋ መንፈስ የሚባል ነገር አለ። ካንቺ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጊ ሠራዊትሽ 20 በመቶ ይበረታል። ስለዚህ ከተማ ማብዛት አያዋጣም። እኛም 4 ላይ ቆመን ነበር። አራት ከተማ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አንዲት ተራም ቢሆን በከንቱ ማሳለፍ የለበትም።

አንድ ቀን ምሳዬን ሳልጨርስ ባልደረባዬ ጮኸ።

«ሠዓሊው ተወለደ! በቃ፣ ወርቃማውን ዘመን እናስጀምረው።»

«ቆይ፣ አትንካው!» አልኩት።

«ምን ይጠበቃል? ተወልዷል እኮ።»

ታላቁ ሠዓሊ ሲወለድ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ሥዕል ይሠራልሻል፣ ወይ ደግሞ ወርቃማ ዘመን ይጀምርልሻል፣ በሁለቱም እሱ ራሱ ይጠፋል። ወርቃማው ዘመን በመደበኛው ፍጥነት 8 ተራ ይቆያል። በእነዚያ 8 ተራዎች የሁሉም ከተማ ምርት 20 በመቶ ያድጋል፣ ባህሉም 20 በመቶ። ቀድሞውኑ ወርቅ የሚሰጥ መሬት ደግሞ አንድ ወርቅ ይጨምራል። ነገሩ ያለው «ቀድሞውኑ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ወርቅ የማይሰጥ መሬት ምንም አይጨመርለትም። ሰው ያልተመደበበት መሬትም እንደዚያው።

ይሄን ለባልደረባዬ በወረቀት አሳየሁት። ምርቷ 10 የሆነ ከተማ በወርቃማው ዘመን የምታገኘው ጭማሪ 2 ነው። ምርቷ 40 ከሆነ 8 ታገኛለች። ያው ሠዓሊ፣ ያው 8 ተራ። የእኛ ሁለቱ ከተሞች ገና ለጋ ነበሩ። ሠራተኞቻችን የንግድ ጣቢያ እየሠሩ ነው፣ አላለቀም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገነባው ጥናት ሊያልቅ 6 ተራ ይቀረዋል። ዛሬ ብንጀምር ከተሞቹ የሚገነቡት ነገር እንኳን የላቸውም። ሌላም ጣጣ አለ። የሕዝቡ ደስታ የሚጠራቀምበት ቋት አለ፣ ሲሞላ ሌላ ወርቃማ ዘመን ያመጣል። ወርቃማው ዘመን እስኪያልቅ ግን ቋቱ መሙላቱን ያቆማል። ያለጊዜው የጀመርሽው ዘመን የሚቀጥለውንም ያዘገይብሻል።

«እሺ፣ 6 ተራ» አለ። ሠዓሊውን አዲስ አበባ ውስጥ አስተኛነው።

አለቃችን ይሄን ሁሉ ከበሩ ላይ ሆኖ ቡናውን እየጠጣ ሰምቶታል። እኔ አላየሁትም ነበር።

በማግስቱ ሁላችንንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበን። ነሐሴ 2 መሆኑ ነው። ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነሐሴን ያውቀዋል። የግድግዳ ካላንደር፣ አጀንዳ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፣ ሁሉም ለመስከረም 1 ይፈለጋል።

«ከነገ ጀምሮ ለ10 ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንሠራለን» አለ። «ትርፍ ሰዓት እከፍላለሁ። ለጥረዛ 3 የቀን ሠራተኞች ይመጣሉ። ዘንድሮ ጳጉሜ ላይ መሯሯጥ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሁሉም ሰው ደስ አለው። እኔ ደብተሩን ይዤ ስለነበር ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ካላንደር ያዘዙን ደንበኞች 11 ናቸው። ናሙናው ላይ ‹ይታተም› ብለው የፈረሙት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ስድስቱ ሎጎ እንኳን አልላኩም። 10 ቀኑን ወደ ነሐሴ መጨረሻ ብናደርገውስ?»

አየኝ። ፈገግ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ጌም አይደለም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባልደረባዬም ሳቀ፣ እሱ ግን ኋላ ይቅርታ ጠይቆኛል። እኔ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ደብተሩን ዘጋሁና ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው። ያልኩትን ከጨዋታ አላመጣሁትም። ደብተሩ ላይ የተጻፈ ነው፣ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ገልጬ ባሳየው ኖሮ ሁለቱን ፊርማ በዓይኑ ያይ ነበር። በሰው ፊት ልጅ አድርጎኝ ስለነበር አቃተኝ።

ሁለቱ ሥራዎች በ3 ቀን አለቁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቆመ። ትርፍ ሰዓቱ ግን ይቆጠራል። የቀን ሠራተኞቹ የወረቀት እሽግ ላይ ተቀምጠው ከቁራጭ ወረቀት የማስታወሻ ደብተር ይሠሩ ነበር። አንዷ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ጠርዙን ታስተካክላለች። ሙጫውን በብሩሽ ቀብታ በክርኗ ትጫነዋለች። በጣም ንጹሕ ሥራ ነው፣ ግን ማንም አላዘዘውም። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ለደንበኞች እደውላለሁ። «ሎጎውን ዛሬ እንልካለን» ይላሉ። አይልኩም። 10 ቀኑ ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ ላይ አለቀ። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በራችን ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ የቀን ሠራተኞቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ደንበኞቹ የመጡት በነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ነው። በ5 ቀን 7ቱ ፈረሙ። ለቀን ሠራተኛ የተያዘው ገንዘብ አልቋል። ጥረዛውን ዲዛይነርም ጸሐፊም ወርደን ሠራነው። ማታ ማታ እስከ ምሽቱ 5 እና 6 ሰዓት ቆየን። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከአንድ ተኩል እጥፍ ወደ 1.75 ይወጣል፣ ሕጉ ነው። ማለት አለቃችን ያንኑ ሥራ ሁለቴ ከፈለበት፣ ሁለተኛውን አስወድዶ።

የሰው ዓይንም ይደክማል። 2015 ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ነው። ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 የሚገጥመው ከሴፕቴምበር 12፣ ማክሰኞ ጋር ነው። የዓምናውን ፋይል ከፍቶ የሚሠራ ሰው 11ን ሳያስተካክል ሊያልፍ ይችላል። እኔ አለፍኩ። የነቃሁት ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ከታች ናሙና ብለው አንድ ቅጠል አመጡልኝ፣ ቀለሙ ገና እጅ ይነካል። ከመስከረም 1 ግርጌ ትንሿ 11 ቁጭ ብላለች። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። አስቆምናቸው። ማሽኑ የሚያትምበት ሰሌዳ፣ ፕሌቱ፣ እንደገና ተሠራ። ነሐሴ 10 ላይ፣ እንቅልፍ ጠግቤ፣ ያን ቁጥር አላልፈውም ነበር።

ከበዓል በኋላ ቡና ላይ አለቃዬን ጠየቅኩት። ሳይቆጣ መለሰልኝ።

«ጳጉሜ ላይ የቀን ሠራተኛ ከየት ታመጪያለሽ? በዚህ ሰፈር ያለ ማተሚያ ቤት ሁሉ ይሻማቸዋል። ያገኘሁ ጊዜ ያዝኳቸው።»

ይሄ እውነት ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ጨዋታው ውስጥ ሠዓሊው ይተኛልሻል፣ የሚነጥቅሽ ጎረቤት የለም። እዚህ ግን ጥሩ እጅ ያላት ልጅ ነገ ሌላ ቤት ናት።

ጨዋታውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልፈረደልኝም። 6 ተራ ያልኩት ብዙ ረዘመ። ዩኒቨርሲቲው ሲደርስ «ታጅ ማሃልንም ሠርተን እንጀምር» አልኩ። አንድ አገር ብቻ ሊሠራው የሚችል ድንቅ ሕንፃ ነው። ታጅ ማሃል ሲያልቅ በራሱ ወርቃማ ዘመን ያስጀምራል፣ የሠዓሊው 8 ተራ እላዩ ላይ ይደመራል። ያን ረጅም ዘመን ተመኘሁ። ሠዓሊውን ግን ታጁ እስኪያልቅ አላስነሳም አልኩ። ጎረቤታችን በ1 ተራ ቀድሞን ሠራው። ሠዓሊውን ቀደም ብለን አስነስተነው ቢሆን ያቺ 20 በመቶ ታጁን ለእኛ ታደርገው ነበር። ባልደረባዬ ስክሪኑን እያየ «አልኩሽ» አላለኝም። ማለት ይችል ነበር።

በ2016 ሐምሌ አለቃችን ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ደብተሩን ራሱ ገለጠው።

«ይታተም የተባለው ስንት ነው?»

«አራት።»

«ሰባት ሲሞላ ንገሪኝ። ልጆቹን አሁን አነጋግሬ ቀብድ እሰጣቸዋለሁ።»

ቀብዱ የእሱ ሐሳብ ነው፣ ጥሩ ሐሳብም ነው። ሰባቱ የእኔ ነው። ለሠራተኛው ሲነግር ሁለቱንም «አሰብኩበት» ብሎ ነገረ። ስለዚያች «ጌም አይደለም» ስለምትለዋ ቃል እስካሁን አንድም ነገር ብሎኝ አያውቅም።

ሰባተኛው ደንበኛ የፈረመው ነሐሴ 19 ነው። ናሙናውን ይዤ ወረድኩና፣ ሁሉም ባሉበት፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩለት።