እግዚአብሔር በራሴ ሕዋሳት በኩል ያደረገልኝ

የጌታ ስም የተመሰገነ ይሁን። ሲስተሚክ ስክሌሮሲስ የሚባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ቆጥሮ እንዲዋጋ ያደርጋል። እኔም በዚህ ሕመም ቆዳዬ ከመጠንከሩ የተነሣ ጣቶቼን ማጠፍ ተስኖኝ፣ አፌም ጠብቦ ማንኪያ ለማስገባት እቸገር ነበር። ሕመሙ ወደ ሳንባዬ ሲሻገርና መድኃኒቶቹ ሊገቱት ሳይችሉ ሲቀሩ ሐኪሞቼ በራሴ ስቴም ሴል (የደም ሕዋሳትን በሚያፈሩ እናት ሕዋሳት) የሚደረግ ንቅለ ተከላ እንዳለ ነገሩኝ።

አደጋውንም አልደበቁኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመውና 156 ሕሙማን በተሳተፉበት የአውሮፓ ጥናት፣ ንቅለ ተከላው ከተደረገላቸው መካከል ከአሥሩ አንዱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት በሕክምናው ጠንቅ ሞተዋል፤ በረጅም ጊዜ ግን በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ይልቅ በሕይወት የቆዩት እነርሱ ናቸው። «እምነት ካለሽ ቁጥሩን ምን አስቆጠረሽ?» ያሉኝ ወገኖች ነበሩ። እኔ ግን የምለምነውን ነገር ለይቶ ማወቅ እምነትን ያጎድላል ብዬ አላስብም፤ ስለዚህ ሕክምናው በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለጊዜው ስለሚያጠፋ፣ «ነጭ የደም ሕዋስ በማይኖረኝ ቀናት አንተ ጠብቀኝ» ብዬ ጸለይሁ።

ንቅለ ተከላ ቢባልም ቀዶ ጥገና የለውም። አስቀድሞ ስቴም ሴሎቹ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጡ የሚያደርግ መርፌ ተወጋሁ፤ ከዚያም ደሜ በማሽን ውስጥ እያለፈ ሕዋሳቱ ተለቅመው በረዶ ሆነው ተቀመጡ። ቀጥሎ የተሳሳተውን የመከላከያ ሥርዓት የሚደመስስ ብርቱ ኬሞቴራፒና ከጥንቸል የሚዘጋጅ ፀረ እንግዳ አካል ተሰጠኝ። ሕዋሳቱ እንደ ደም በከረጢት ተንጠልጥለው ሲመለሱልኝ፣ ከብርዱ የሚጠብቃቸው ኬሚካል በትንፋሼ ስለሚወጣ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ፤ ዳዊት ትደግምልኝ የነበረችው እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ንባቡን አቋረጠች።

የጸለይሁላቸው ቀናት እንደ ፈራሁት መጡ። አፌ ቆሰለ፣ ትኩሳቱም በሌሊት ናረ፤ ነርሷ ሳትዘገይ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጠችኝ፣ ቤተሰቤም እያነባ ይጸልይ ነበር። ትኩሳቱ ወረደ፤ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ ሕዋሳትም በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በላይ ሆኑ፤ ይህም የተመለሱልኝ ሕዋሳት ሥራ መጀመራቸውን የሚያሳይ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያነብልኝ ጸሎቴ ቃል በቃል ተመለሰልኝ።

ቆዳዬ በወራት ውስጥ እየላላ ሄዶ ዛሬ የሸሚዜን ቁልፍ በራሴ ጣቶች እቆልፋለሁ። የሳንባዬ ጠባሳ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሳይባባስ ባለበት ቆሟል። የቀድሞ ክትባቶቼ ኃይል ስለ ደከመ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው እየተከተብሁ ነው። በዚያው ክፍል ተራቸውን ለሚጠባበቁት፣ በተለይ ልባቸው ሕክምናውን እንደማይችል በምርመራ ታውቆ ሕክምናው ለተከለከላቸው፣ እንድትጸልዩ እለምናለሁ።