የሚፈርመውና የሚናገረው ሲለያዩ

በግብር አማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ቁጥሮችን ከማመሳከር ይልቅ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ዝምታ ማስተዋል እንደሚከብድ ተረድቻለሁ። ባልና ሚስት አብረው መጥተው አንደኛው ብቻ የሚናገር፣ ሌላኛው ለቀረበለት ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ የትዳር ጓደኛውን ፊት የሚመለከት፣ ሰነዱንም ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ፣ ነገሩን እንደ ተራ የሥራ ክፍፍል ቆጥሬ አላልፈውም፤ አንዱ ሌላውን በገንዘብ የሚቆጣጠርበት በደል ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በስሟ ድርጅት መመዝገቡን፣ ዕዳ መከማቸቱን ወይም ተመላሽ ግብሯ ወደማታዝዘው የባንክ ሒሳብ መግባቱን ከእኔ የምትሰማ ደንበኛ ናት፤ ገንዘቡን ሌላ ሰው ቢያዝበትም፣ በግብር ዕዳው በአብዛኛው በቅድሚያ የሚጠየቀው ስሙ የሰፈረው ሰው ነውና። በደሉ በወንዶችም፣ ሒሳባቸውን ልጆቻቸው በሚያንቀሳቅሱላቸው አረጋውያንም ላይ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ምልክት ሳይ የጠረጠርሁትን ሰው ፊት ለፊት አልሞግትም፤ ቤት ሲገቡ የቁጣው ዒላማ እርሷ ልትሆን ትችላለች። ለብቻዋ የምንነጋገርበትን ጊዜ አመቻቻለሁ፣ በየትኛው ስልክ ብደውል እንደማያሰጋት እጠይቃታለሁ፣ የሁለቱ ጥቅም ከተጋጨም የራሷን ባለሙያ እንድትይዝ እመክራታለሁ። የሰነዶቿን ቅጂ የምሰጣት ደግሞ በጋራ ኢሜይል ሳይሆን በእጇ ነው።